ያልታጠበ እጅ

ፌርማታው ጥግ ኦቾሎኒ ቆልታ የምትሸጥ ሴት አለች። ጥፍሯን እስከ ሥጋው ትከረክመዋለች፤ ፀጉሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስራለች፤ ሳሙናዋን በላስቲክ ጠቅልላ ከምድጃው ጎን ታስቀምጣለች። ደንበኛ አትለማመጥም። ጨምሪልኝ የሚላትን ገልመጥ አድርጋው ወደ ምድጃዋ ትዞራለች። አውቶቡስ ጠባቂው ሁሉ ክፉ ናት ይላታል፤ እኔም እላታለሁ።

ከሰዓት በኋላ እህቷ የሴትዮዋን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ይዛ በዚያ ታልፋለች። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው፤ ኦቾሎኒ አይስማማትም። እናቷ አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ሳትታጠብ ብትስማት ጉሮሮዋ አብጦ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

"ታዲያ ሌላ ነገር አትሸጪም?" አለቻት አንዲት ገዢ።

"ሌላው አያዋጣም። ሲያፍናት የምትወጋውን መርፌ አንቺ ትገዢላታለሽ?"

ዛሬ ልጅቷ ከአክስቷ ጋር መጥታ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ቆመች። ሴትዮዋ ሁለት እጇን ዘረጋች።

"ነይ የኔ እናት፣ ሳሚኝ!"

ልጅቷ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

"ናፍቀሽኛል እኮ። አንዴ ብቻ!"

"አልታጠብሽም" አለች ልጅቷ። እንባዋ መጣ፤ እግሯ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ጎበዝ!" አለች እናቷ፤ እጇን ሰብስባ ማማሰያዋን አነሳች። ሁላችንም አፍጥጠን ብናያት፣ "ምን ያስፈጥጣችኋል? በየቀኑ ነው የምፈትናት" አለችን። "ባለፈው ሳምንት እውነት መስሏት ሮጣ መጣችብኝ። አክስቷ ናት የገረፈችልኝ፤ እኔ በዚህ እጄ መምታት እንኳ አልችልም።"