እናቴን ጾም ያስገደፍሁበት ፍልሰታ

እናቴ የአንገቷን እንቅርት ባሕር ዳር ካስወጣች በኋላ መካነ ኢየሱስ ከተማ እኔ ጋ ተቀመጠች። እንቅርቱ ካንሰር ነበር። «ነበር» የምለው እኔ ነኝ፤ ሐኪሞቹስ «እንከታተለዋለን» ነው ያሉት። በወጣው እጢ ፈንታ ጠዋት ጠዋት አንድ እንክብል ትውጣለች። እኔም የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ሁሉን ያወቅሁ መስሎኝ አረፍሁ።

ፍልሰታ ሲገባ ከሳች። ቀሚሷ ሰፋት፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በዚያ በነሐሴ ብርድ ጋቢዋን ገፍታ ላብ በላብ ሆና አገኛታለሁ።

«እየበላሽ አይደለም» አልኋት።

«እበላለሁ ልጄ። ከቅዳሴ መልስ የቀረበልኝን ሁሉ እጨርሳለሁ። ሰውነቴ ላይ አልጠጋ አለ እንጂ።»

«አትዋሺኝ!»

በዚህም አልበቃኝም። የንስሐ አባቷን ቤት ድረስ ጠርቼ፣ በጾም አሳብባ ራሷን እየገደለች ነው ብዬ ከሰስኋት። እሳቸውም የተማረ ሰው ቃል ነው ብለው አመኑኝ። «ጾሙን ተይው፣ ወተት ጠጪ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አሏት። ፍልሰታን አጓድላ የማታውቅ ሴት ቀና ብላ ሳታየኝ ጠጣች። እኔ ደግሞ፣ አያሳይህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወተቱም አላወፈራትም። ዳሌዬን አመመኝ ስትል ባሕር ዳር መለስኋት። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ቀስ ብላ አስረዳችን። ካንሰሩ ወደ ዳሌዋ አጥንት ተሰራጭቷል፤ እዚያም ሆኖ እንደ ድሮው እጢ ሆርሞን ያመርታል፣ ያውም ከመጠን በላይ። የሚያከሳት፣ የሚያልባት፣ ልቧን የሚያስሮጣት እሱ ነው።

«የቱንም ያህል ብትበላ ትከሳለች» አለች። እንክብሉን አስቁማ ሌላ መድኃኒት አዘዘችላት። ካንሰሩን እናጠፋዋለን ግን አላለችም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሆርሞንን ስንት ክፍል ፊት ቆሜ አስተምሬያለሁ! እናቴ «እበላለሁ» ስትለኝ ግን ማመን አቃተኝ። ይቅር በይኝ ልላት አስቤ፣ መድኃኒቱን ልግዛ ብዬ ወጣሁ።

እሷ ስለ አጥንቷ ምንም አልጠየቀችም። በመልስ መንገድ አውቶቡሱ ውስጥ ዳሌዋን ደግፋ ተቀመጠች። ከተማው ሲታይ ወደ እኔ ዞረች።

«እንደገባን አባን ጥራልኝ» አለችኝ። «ስበላ እንደ ነበር፣ እንዳልዋሸሁ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ፣ በጆሮዬ እየሰማሁ፣ አንተው ንገራቸው።»