የቲቸር ኸይራት ነጥብ

ኸይራት ቢቸና ላይ አራተኛ ክፍልን ሳይንስ ስታስተምር ሦስት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ሞጣ ነው። እናቷ እግራቸውን ታመው ብቻቸውን ስለሚኖሩ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በሚኒባስ ትሄዳለች፤ እሑድ ደክማ ትመለሳለች። አምና ሞጣ ክፍት ቦታ ተገኘ። ዝውውሩ የሚሰጠው ግን በምዘና ከፍተኛ ነጥብ ላመጣ ነው፤ ከነጥቡም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ተማሪዎች የሚሞሉት ቅጽ ነው።

እኔ ጎረቤት ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የሚለየን ግድግዳ ስስ በመሆኑ የእሷን ሳይንስ ሳልፈልግ ከልጆቿ ጋር ተምሬዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ድንች ይዛ ገባችና ምልከታ ሁለት ዓይነት ነው አለች። የሚቆጠረውና የሚለካው መጠናዊ፣ በቃል የሚገለጸው ዓይነታዊ ይባላል። ድንቹ ሰባት ጠባሳ አለው፤ ይሄ መጠናዊ። ልጣጩ ሻካራ ነው፤ ይሄ ዓይነታዊ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ አርሴማ የምትባል፣ ጠይቃ የማትጠግብ ልጅ፣ “ትልቅ” የሚለው ቃል ከየትኛው እንደሚመደብ ጠየቀች። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሌላው ደግሞ “ብዙ”ስ አለ። ቁጥር ነው እንዳይባል ስንት እንደሆነ አይናገርም፤ አይደለም እንዳይባል የሚያወራው ስለ ቁጥር ነው። እኔም ማዶ ሆኜ ጠመኔ እንደያዝኩ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ፤ ተማሪዎቼ ምን ሆነው ነው ብለው ተያዩ። ኸይራትም መላው ሲጠፋት አንድ ሕግ አወጣች።

“ቆጥራችሁ ወይ ለክታችሁ ላላገኛችሁት ነገር ቁጥር አትስጡ።”

ጉድ የሠራት ይኸው ሕግ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ርእሰ መምህሩ አቶ ምንይሉ ቅጹን አርሴማን ጨምሮ ለአምስት ተማሪዎቿ አደሉ። “ለተማሪዎቿ ያላት አክብሮት”፣ “የማስረዳት ችሎታዋ” እያለ ይወርዳል፤ ልጆቹ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ይሰጣሉ፤ አምስት ከሁሉ የበለጠው ነው። አምስቱም ልጆች ቁጥሩን ትተው ቃል ጻፉበት። “ስንሳሳት አይስቁብንም” ይላል አንዱ። “ድንቹን ሁላችንም እንድንነካው ሰጡን” ይላል ሌላው። አቶ ምንይሉ ይሄን ምን ብለው ይደምሩት? የሒሳብ ሰው ነህ፣ አንተ አስሞላቸው ብለው አዲስ ቅጽ ለእኔ ሰጡኝ።

ልጆቹን ሰበሰብኩ። አርሴማ አክብሮት በምን እንደሚለካ ጠየቀችኝ። የምሳ ሰዓት አልፎ ርቦኝ ነበር፤ ትዕግሥትም ድሮውንም የለኝ። ነገሩን ላሳጥረው ብዬ “አምስት አምስት ስጧትና ሞጣ እናቷ ዘንድ ትዛወር” አልኳቸው። ከዚያ አቀርቅረው ጻፉ። እኔም ጎበዞች ብዬ፣ ሳላነበው አሽጌ አስረከብኩ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ኸይራት ከትምህርት ቤቱ መምህራን መጨረሻ ሆነች። በየጥያቄው አምስቱም የሰጧት አንድ ነው። ከአንድ የሚያንስ በቅጹ ላይ ቢኖር እሱን በሰጧት ነበር። ተናድጄ አርሴማን ጠራኋትና ቲቸር ምን በደለቻችሁ አልኳት። ልጅቷ እንባዋ መጣ።

“አምስት ከሰጠናቸው ይሄዳሉ አላሉንም?” አለችኝ።

ወደ አቶ ምንይሉ ሮጥኩ። ቅጹ ወረዳ ገብቷል፣ አይመለስም አሉኝ። የሞጣውን ቦታ ሌላ ሰው ያዘው።

ዓርብ መናኸሪያ ድረስ ተከትያት ሄድኩና ጥፋቴን ነገርኳት። አፍራለሁ፤ ዛሬም አፍራለሁ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ትቆጣኝ ይሆን፣ ታመሰግነኝ ይሆን፣ ከፊቷ ለማወቅ አልቻልኩም። እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

“እማ በሩ ላይ ተቀምጣ ስንት አመጣሽ ትለኛለች” አለች ሚኒባሱ ውስጥ እየገባች። “ምን ልበላት?”

መልሱ በቁጥር ተጽፎ ተለጥፏል። ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ ሚኒባሱም የሞጣን መንገድ ያዘ።