ጽሞና፦ መቶ ከመቶ

ካርዴ ላይ ከፊዚክስ በታች፣ ከስፖርት በላይ «ጽሞና» የሚል መስመር ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁበት ትምህርት ቤት የካቶሊክ መነኮሳት የሚያስተዳድሩት፣ ከገዳማቸው ጋር አንድ አጥር የሚጋራ ግቢ ነበር። መንግሥት ያዘዘውን ትምህርት ሁሉ ያስተምራሉ፤ በላዩ ላይ ደግሞ የራሳቸውን ይጨምራሉ። በሳምንት አንድ ቀን ግዕዝ አለ። ሁለት ቀን ጓሮ ወርደን ጎመንና ካሮት እንኮተኩታለን፤ እሱም ማርክ አለው። በየቀኑ ደግሞ ከምሳ በኋላ አርባ አምስት ደቂቃ ጽሞና።

ጽሞና ማለት በአጭሩ አዳራሽ ገብቶ ዝም ማለት ነው። የቤት ሥራ መሥራት ክልክል ነው። መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፣ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ይቻላል፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ መተኛት ግን አይቻልም። ፊት ለፊት «አባ» የምንላቸው አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ደብተራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ያወራ ተማሪ ስሙ አጠገብ ነጥብ ታርፍበታለች፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ነጥቦቹ ከመቶ ይቀነሳሉ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ከዘጠነኛ ክፍሎች ሁሉ መቶ ከመቶ ያመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። የማናግረው ሰው ስላልነበረኝ ነው። ሌሎቹ እዚያው ግቢ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ እኔ ካዛንቺስ ካለ የመንግሥት ትምህርት ቤት በፈተና የገባሁ መጤ ነበርኩ። ክፉ አልነበሩም። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ክብ ሲሠሩ ለእኔ ቦታ መተው ትዝ አይላቸውም እንጂ አልጠሉኝም። እኔም ሄጄ «ጠጋ በሉልኝ» ማለት ሞት መስሎ ይታየኝ ነበር። ኩራተኛ ነበርኩ፤ ኩራቴን ደግሞ ዓይን አፋርነት ብዬ እጠራው ነበር።

ቤትም ቢሆን ያው ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ከሆቴሎቹ ጀርባ ባለች የቀበሌ ቤት ከአባቴ ጋር ብቻችንን ነበርን። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ቡና ቤት ከቀትር ጀምሮ ሙዚቃውን ይለቀዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይንጫጫል፤ እኛ ቤት ብቻ ወሬ የለም። አባቴ ከቢሮ ይመጣል፣ «እንዴት ዋልሽ?» ይላል፣ «ደህና» እላለሁ፤ በቃ። ትምህርት ቤቱን የመረጠው እሱ ነው፤ መነኮሳቱ ሥርዓት ያስይዛሉ ብሎ። አክስቴ ግን «ካቶሊክ አድርገው ነው የሚመልሷት» እያለች ስትፈራ ከርማ፣ መነኮሳቱም እንደኛው በግዕዝ እንደሚቀድሱ ብነግራት ጭራሽ ባሰባት። «እንዲያውማ ሳይታወቃት ነው የሚወስዷት!» አለች።

የመጀመሪያውን ካርድ ይዤ ስገባ አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ወረደ። ሒሳብ ስልሳ አንድ። ፊዚክስ ሃምሳ ሁለት። ፊቱ እየጠቆረ መጣ። ከዚያ ቆመ።

«ጽሞና ምንድን ነው?»

«ዝም ማለት ነው።»

«ዝም ማለት በማርክ?»

«አዎ።»

«መቶ?» አለና ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። በማግሥቱ ካርዴን ቢሮ ይዞት ሄደ። በሳምንቱ የሥራ ባልደረባው መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ «ዝም ብላ መቶ ያመጣችው ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አባቴ ስለ እኔ ለሰው ያወራው ነገር ያ ብቻ ነበር። ስለዚህ ያቺን መቶ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃት ጀመር።

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲገባ አንዲት ልጅ ከሌላ ክፍል ወደ እኛ አዛወሩ። ያዛወሯት ወሬ ስላበዛች ነው። ከእኔ ጋር ያስቀመጧት ደግሞ ከዚህች ጋር ምን ታወራለች ብለው ነው። ቤቷ ቡልጋሪያ ሰፈር ነው። አባቷ እዚያው ጋራዥ አላቸው፤ እናቷ የትግራይ ሰው ናቸው፤ ከእናቷ ጋር በትግርኛ፣ ከአባቷ ጋር በአማርኛ ስታወራ ያደገች ልጅ ነች። አፏ ለደቂቃ አያርፍም።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ የምሳ ዕቃዬን ክዳን ራሷ ከፈተችና፣ «ሽሮ! እኔ ደግሞ ምስር ሰልችቶኝ ልሞት ነው፤ ተቀያየሪኝ» አለች። ፈቃዴን አልጠበቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷን ምሳ እኔ፣ የእኔን እሷ እንበላ ነበር። ከትምህርት በኋላ እሷ ወደ ቡልጋሪያ የሚሄድ ታክሲ እስክታገኝ አብሬያት እቆማለሁ። ሞልቶ ያልፋል፤ ሌላው ይመጣል፤ ባዶ ሲመጣ ደግሞ «ይህን ልለፈው፣ ወሬዬን አልጨረስኩም» ትላለች። እኔ ከዚያ ተነስቼ ካዛንቺስ ድረስ በእግሬ ስወጣ ለብቻዬ እስቅ ነበር። ሦስት ወር እንዲህ ኖርን። በሕይወቴ ከዚያ በፊት ጓደኛ ነበረኝ ማለት አልችልም።

ጽሞና ላይ ግን አላውቃትም። ስታንሾካሹክ ፊቴን ወደ መጽሐፌ እቀብራለሁ። የእሷ ስም አጠገብ ነጥቡ እንደ ጤፍ ተበትኗል፤ የእኔ ንጹሕ ነው። «ቆይ፣ መቶሽን ልትበያት ነው?» ብላ ትስቅብኛለች። አትቀየመኝም።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። መነኮሳቱ ራሳቸው ገበታ ላይ ሲቀመጡ አይነጋገሩም፤ በጣት ነው የሚግባቡት። ጨው የሚጠየቅበት ምልክት አለ፣ ውሃ የሚጠየቅበት አለ። ከእነዚያ አንዷን ለእኛም አውርሰውናል። ጽሞና ላይ የግድ የሚነገር ነገር ያለው ተማሪ ሁለት ጣቱን ያነሳል። ሊነግረው የሚፈልገው ሰውም ሁለት ጣቱን ካነሳ፣ አባ ራሳቸውን ነቅንቀው ሁለቱንም ወደ በረንዳ ያስወጧቸዋል። ሁለተኛው ካላነሳ መውጣት የለም ማለት ነው፤ ማንም አይገደድም። ሌሎቹ ለሽርሽርም ይጠቀሙበት ነበር። እኔ አንድም ቀን እጄን አንስቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም ከጽሞና ማርክ ላይ ይቀንሳል ብዬ አምን ነበር።

ግንቦት ውስጥ አንድ ሐሙስ ጓደኛዬ አርፍዳ መጣች። ሹራቧን አልለበሰችም፤ ቦርሳዋ ጠፍጣፋ ነው፤ ደብተር የለውም። አየሁት፤ ግን አልጠየቅኳትም፣ የሒሳብ ፈተና ላይ ነበርን። በዕረፍት ሰዓት ቢሮ ጠሯት። ምሳ ላይም አልተመለሰችም። የመጣችው ጽሞና ሊጀመር ሲል ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ገና ከመቀመጣችን እጅጌዬን ሳበችኝ። «ስሚኝማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች፣ በሹክሹክታ።

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።

«የዛሬን ብቻ፣ በናትሽ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየኋት። ሲያልቅ ማለቴ ነው። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ስሜ አጠገብ አንዲት ነጥብ የለችም፤ አባቴ ደግሞ ሰሞኑን «ያቺ መቶ እንዴት ናት?» ብሎኝ ነበር።

ጓደኛዬ ሁለት ጣቷን አነሳች። አባ ቀና ብለው እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩና ጠበቁ። እሷ ወደ እኔ ዞራ እጇ እንደተነሳ ቀረ። እኔ ሁለቱንም እጆቼን ጠረጴዛው ሥር ጭኔ ላይ አድርጌ መጽሐፌን አነበብኩ። አነበብኩ ማለት ውሸት ነው፤ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቆሞ ነበር። አባ ትንሽ ጠብቀው አንገታቸውን ደፉ። እሷም እጇን አወረደች።

ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የቢሮዋ ሴትዮ በር ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሯት። ጓደኛዬ ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና ወጣች። ቢሮ ደርሳ የምትመለስ ነው የመሰለኝ። ደውሉ ሲደወል በረንዳውን፣ ጓሮውን፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር ፈለግኋት። የለችም። ዓርብም የለችም። ሰኞ ስትቀር ጽሞናው እንዳለቀ አባ ዘንድ ሄድኩ።

«መልቀቂያ ወስዳለች እኮ» አሉኝ። «አልነገረችሽም?»

«አልነገረችኝም፣ አባ።» ከዚያ መጠየቅ የማይገባኝን ጠየቅሁ። «ሁለት ጣት ማንሳት ስንት ማርክ ነው የሚቀንሰው?»

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ምንም አይቀንስም። ማነው ይቀንሳል ያለሽ?»

ማንም አላለኝም። ከራሴ ነው ያመጣሁት። አባ ሌላም ነገር ሊሉኝ ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን እንባዬ ስለመጣብኝ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። ሞባይል ገና በትልልቅ ነጋዴዎች ወገብ ላይ ብቻ የሚታይበት ጊዜ ነው፤ የእሷ ቤት ስልክ እንዳለው እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ቅዳሜ ታክሲ ይዤ ቡልጋሪያ ወረድኩ። ቤቷን አይቼው ባላውቅም ከአባቷ ጋራዥ ጎን ያለው ሰማያዊ በር እንደሆነ ነግራኛለች። ግቢው ውስጥ አንዲት ጎረቤት ልብስ ያሰጣሉ። የማንን ቤት እንደምፈልግ ስነግራቸው እርጥቡን አንሶላ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ እኔ መጡ።

«ውይ የኔ እናት፣ ሄዱ እኮ። ባልና ሚስት ተለያዩ፤ እናትየዋ ልጇን ይዛ ዓዲግራት፣ ወላጆቿ ጋ ገባች። ሐሙስ ከሰዓት ነው የሄዱት።» ከዚያ ልብ ብለው አዩኝና፣ «ቆይ፣ ጓደኛዋ አንቺ ነሽ? ምሳ የምትቀያየሪያት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሰይ፣ አገኘሁሽ! ሐሙስ ጠዋት ምን የመሰለ ጠብ ነበር መሰለሽ። እናቷ ዕቃ እንጫን፣ መልቀቂያሽን እኔ ራሴ አመጣዋለሁ፣ ዛሬ ደግሞ የምን ትምህርት ቤት ነው ስትላት፣ እሷ 'ለጓደኛዬ ሳልነግራት ንቅንቅ አልልም' ብላ እያለቀሰች ነው የወጣችው። ነገረችሽ አይደል?»

«አዎ፣ ነገረችኝ» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ምናልባት ሴትዮዋ እንዲያዝኑባት አልፈለግሁም ይሆናል። ምናልባትም እንዳያዝኑብኝ ነው።

«ተመስገን። እኔማ ስትመለስ አይቻት ደንግጬ ነበር። ያቺ ለፍላፊ ልጅ መኪናው እስኪነሳ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ደህና ሁኚ ስላት እንኳ አልመለሰችልኝም።» አንሶላውን ከትከሻቸው አውርደው ገመዱ ላይ መዘርጋት ጀመሩና፣ ድንገት ዞር ብለው፣ «ለመሆኑ ምን ብለሻት ነው?» አሉኝ።

«ምንም አላልኳትም» አልኩ።