ለኔኮቼያ የተሰለፈው ሰውዬ

ቦነስ አይረስ አውቶቡስ ተራ ከፊቴ የተሰለፈው ሰውዬ ሸሚዙ ጥንቅቅ ብሎ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሽማግሌ ነው። ዓይነ ስውር ሚስቱን በክንዷ ይዟታል። በሌላ ጎኑ ደግሞ ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ ትንፍሽ የማትል ሴት ቆማለች።

«ኔሊዳ፣ የትኛው ባሕር ይሻልሻል?» አላት፣ ደግነቱን ሰው ሁሉ እንዲሰማለት ጮክ ብሎ።

«ኔኮቼያ ነዋ! የተጋባን ጊዜ የወሰድከኝ። ነፋሱን እንኳ ልስማው።»

«እሺ፣ የኔ እመቤት።»

ባለቀይ ቀሚሷ ሰሌዳው ላይ ፒናማር ወደሚለው የሌላ ባሕር ዳርቻ ስም ጣቷን ቀሰረች። ሰውዬው ጠቀሳትና ወደ ትኬት መስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ለፒናማር ሦስት» ሲል አንሾካሾከ። «ሁለቱን ከኋላ ጎን ለጎን፣ አንዱን ከፊት ለብቻው አድርግልኝ።»

ሻንጣ ሲያነሳ የባለቀይ ቀሚሷን የገለባ ባርኔጣ ሚስቱን አስያዛት። ኔሊዳ ዳሰሰችው፤ ጥብጣቡን ስታገኝ ፊቷ በራ።

«ለኔ ገዛህልኝ?» ብላ ራሷ ላይ ደፋችው።

ሴትዮዋ ሳቋን አፈነች። ሰውዬው ባርኔጣውን ከሚስቱ ራስ ላይ ቀስ ብሎ አነሳና ለሴትዮዋ አቀበላት።

«አሁን ምን ያደርግልሻል? ፀሐዩ እዚያ ነው» አላት።

«እውነትህን ነው» አለች ኔሊዳ፣ የተበተነ ፀጉሯን በእጇ እያስተካከለች። «እዚያ ስንደርስ አንተው ታደርግልኛለህ።»