የሚያጠራጥሩት ነጥቦች

ኤሌክትሪክም ሆነ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ደብረ ማርቆስ ሬዲዮ እየጠገንኩ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ነው ራሴን ያስተማርኩት። ሴት ልጄ ሁለተኛ ዲግሪዋን በሥነ ፈለክ ስትሠራ በጥር እረፍት ቤት መጣች። ኮምፒውተሯን ስትከፍት ከጎኗ እቀመጥና ጥያቄ አበዛባት ነበር።

ሥራዋ መምረጥ ነው። በሰማይ ፎቶ ላይ ያሉት ነጥቦች አብዛኞቹ የራሳችን ጋላክሲ ኮከቦች ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ኮከብ ይምሰሉ እንጂ ኳዛር ይባላሉ፤ እጅግ የራቁ ጋላክሲዎች እምብርት ናቸው። በሰማይ ላይ እንዴት እንደተሰባሰቡና እንደተራራቁ ተለክቶ የጠፈር ርቀት ይሰላል። ቴሌስኮፑ የእያንዳንዱን ነጥብ ብርሃን በትኖ ለመመርመር ጊዜ ስለማይበቃው፣ አስቀድሞ በቀለማቸው ይለያሉ። ኮከብ የመረጠ ሰው የቴሌስኮፑን ጊዜ አባከነ።

«የሚያጠራጥረውን ጣይው» አልኳት።

«ቀላል መስሎዎት ነው አባባ? በአንድ የርቀት ክልል ያሉ ኳዛሮች ቀለማቸው ከኮከብ አይለይም። ሁሉንም ከጣልኩ እዚያ ርቀት ላይ ምንም አይኖርም። ሰማይ ላይ የሌለ ባዶ እኔ ፈጠርኩ ማለት ነው።»

«ከተበላሸ ባዶ ይሻላል።»

«ሬዲዮም እንዲህ ነው የሚጠግኑት? ድምፁ ያጠራጠረዎትን ሁሉ ይወረውሩታል?»

እናቷ ከጓዳ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ጥምቀት እንዳለፈ ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ደብረ ኤልያስ የሚያስተምር መምህር ነው። ልጄ እንደምትወደው እናቷ ነግራኛለች፤ እኔም ሰውየውን አልጠላሁትም። ግን በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ዘር ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የጋራ አያት ከተገኘ ወንድምና እህት ናቸው። እኔ የእኛን ቆጠርኩ፤ ታላቁ ሽማግሌ የእነሱን። ስድስተኛው ቤት ላይ በሁለቱም በኩል አንድ ስም ወጣ።

«ይህ ስም በየደብሩ ሞልቷል» አሉ ሽማግሌው። «የእኛው ሰው ከጮቄ ሥር የመጣ ነው ይባላል። ደብረ ኤልያስ ዘር የሚቆጥሩ አንድ ቄስ አሉ፤ እናስጠይቅና እንመለስ።»

«ከተጠራጠርኩ አልሰጥም።»

ልጄ ከጓዳ ወጣች። ሴት ልጅ ለእሷ በመጣ ሽማግሌ ፊት አትናገርም፤ እሷ ተናገረች። «አባባ፣ ያዩት ስሙን ብቻ ነው እኮ። ገና አልተመረመረም።»

«ሴት ልጅ ሠላሳ ሲጠጋት ወንድሟም ባል ይመስላታል» አልኩ፣ ሁሉም እየሰሙ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አንዱ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የቆምኩለት ሕግ ደግ ሕግ ነው፤ የተናገርኩበት አፍ ግን ክፉ ነበር።

በማግስቱ ልጄ ራሷ ቄሱን ልትጠይቅ ደብረ ኤልያስ ሄደች። ስትመለስ በር ላይ ቆማ፣ «ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለችኝ። «የእነሱ የጮቄ፣ የእኛው የአማኑኤል ከተማ ሰው ነው። የሚያገናኛቸው ዘር የለም።»

«የመለስኩትን ሽማግሌ ኑ ብዬ አልጠራም።»

«ይጥሯቸው አላልኩም። ይወቁት ብዬ ነው።»

ሽማግሌዎቹም ሌላ በር አንኳኩተው ነበር፤ መምህሩ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ቁይ ከተማ ሌላ ሴት አገባ። የእኔ ቃል ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከሄዱበት ቀን ጀምሮ ገበያ ወረደ። ልጄ ስታልፍ ጎረምሶች «ወንድምሽ ነኝ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። እረፍቷን ሳትጨርስ አዲስ አበባ ተመለሰች።

ሥራዋን ስትጨርስ ለእናቷ ደወለች። የሚያጠራጥሩትን ነጥቦች ለብቻ አስመርምራቸው፣ የሚበዙት ኮከብ ሆነው፣ የቀሩት ጥቂቶች ግን ኳዛር ሆነው ባዶውን እንደሞሉት ስታወራ ከጎን ሆኜ ሰማሁ። እናቷ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ለፋሲካ አትመጪም?» አልኳት።

«እዚያ ምን እያሉ እንደሚጠሩኝ ያውቃሉ አይደል፣ አባባ?»

«አውቃለሁ» አልኩና ስልኩን ለእናቷ መለስኩ።