ባለቤቱ ያልሰማው ዜና

ሥራ የጀመርኩ ቀን ርዕሰ መምህሩ ሁለት ነገር ሰጡኝ፤ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ድልድልና አንድ ቁልፍ። ድልድሉን እየጠበቅሁ ነበር። ቁልፉን ግን አልጠበቅሁትም።

«የምን ቁልፍ ነው?» አልኳቸው።

«የሚኒ ሚዲያው» አሉ አቶ ሀሰን። «እዚህ ክበብ የሌለው መምህር የለም። ቀይ መስቀሉ ተይዟል፤ ስፖርቱ ተይዟል። አንቺ ደግሞ ድምፅሽ ደህና ነው።»

ድምፄን የሰሙት «እንደምን አደሩ» ስላቸው ብቻ ነበር።

አዲስ መምህራን ከሚሴ ሲመደቡና ስለ ክበቡ ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ከዕቃው እጀምራለሁ። ክፍሏ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ውስጧ አንድ አምፕሊፋየርና ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክ አለ። ጣሪያው ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ተሰቅለዋል። አንደኛው ወደ ሰንደቅ ዓላማው ሜዳ ያያል። ሁለተኛው ወደ አጥሩ ዞሯል፤ ማን እንዳዞረው የሚያውቅ የለም።

በዚህ ምክንያት የትምህርት ቤታችንን ዜና የመናኸሪያ ረዳቱም፣ ሱቁን የሚከፍተው ነጋዴም ከተማሪው እኩል ይሰሙታል። የጠፋ መታወቂያ ስናስነግር የሚያመጣልን ብዙ ጊዜ ባጃጅ ነጂ ነው። የክፍል ለክፍል እግር ኳስ ውጤት ስናነብ ከአጥር ውጭ የሚያጨበጭብ አይጠፋም።

ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ዜናው መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ይነበባል። የጽዳት ተራ፣ የፈተና ፕሮግራም፣ የቧንቧ ውኃ የሚመጣበት ቀን፣ የችግኝ ተከላ፤ ዜናችን ይኸው ነው። እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። ለክበቡ አባላት ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ አስረዳኋቸው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት። ትልቁ ዜና ከላይ ይሁን አልኩ።

ሀያት እጇን አወጣች። ከአንባቢዎቼ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ነበረች፤ ሁለቱንም ቋንቋ ስታነብ የትኛው የአፍ መፍቻዋ እንደሆነ አይለይም።

«ቲቸር፣ እኛ ጋ ትልቁ ወሬ መጀመሪያ አይነገርም» አለች። «መጀመሪያ ነጋ ይባላል።»

ነጋ በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው። በዚህ አገር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ «ኦዱ?» ይላል፤ ምን ወሬ አለ ማለቱ ነው። ሌላው፣ ቤቱ ተቃጥሎ ቢሆን እንኳ፣ አስቀድሞ «ነጋ» ይላል። ቀሪው ቀስ ብሎ ይከተላል። ገበያና ማይክ ለየቅል ናቸው ብዬ መለስኩላት። ጨዋ ልጅ ስለሆነች እንዳልኳት ጻፈች።

በሦስተኛው ዓመቴ፣ ትምህርት እንደተጀመረ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት አቶ ሀሰን ስልካቸውን እንደያዙ ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገቡ። የዞኑ ትምህርት መምሪያ ደውሎላቸው ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ዘይነባ እንድሪስ ጎበዝ ተማሪዎች ከየቦታው ለሚሰበሰቡበት ሩቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ተመርጣለች። ከእኛ ትምህርት ቤት ተመርጦ የሚያውቅ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ከወላጅ ጋር ሄዳ ካልተመዘገበች ቦታው ለተከታዩ ተማሪ ይሰጣል።

«ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ይነገራል» አሉ። «እስከዚያ ለማንም! ልጅቷም እንዳትሰማ። ሰርፕራይዝ ነው። ከመምሪያው እንግዳ ጋብዣለሁ።»

ዜናውን ጻፍኩና እንድትለማመደው ለሀያት ሰጠኋት። በዓይኗ አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይኼን አላነብም፣ ቲቸር።»

«ለምን?»

«አባቷ ሰምቷል?»

«ሰኞ ከሁሉም ጋር ይሰማል።»

«ሰኞ እሱ ባቲ ገበያ ነው» አለች። «ኦቦ እንድሪስ ጎረቤታችን ነው። ግመልና ፍየል ይነግዳል፤ ትናንት ከቤት ወጥቷል። እሁድ ሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውላል። ማክሰኞ ሲመለስ መናኸሪያው በሙሉ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ በምን እንደሆነ እሱ አያውቅም። ወላሂ ቲቸር፣ ያን ጊዜ ልጅቷ የትም አትሄድም።»

«ክፉ ሰው ነው?»

«ኧረ ደግ ነው! ግን የልጁን ወሬ ከመንገድ የሰማ አባት ምን ይበል? እሺ ቢል ሌላ ሰው ወሰነለት። እምቢ ቢል ግን ውሳኔው የራሱ ነው፤ ስለዚህ እምቢ ይላል።»

የአባትየውን ስልክ ደጋግመን ሞከርን፤ ዝግ ነው። ለአቶ ሀሰን ሄጄ ነገርኳቸው።

«እሁድ ሰንበቴ ሄዳችሁ ካገኛችሁት እሰየው» አሉ። «ካላገኛችሁት ሰኞ ይነበባል። ከሀያት ሌላ አንባቢ የለም እንዴ?»

እሁድ ጠዋት ሀያት እናቷን አስፈቅዳ መጣችና ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ለይቶን ነበር።

«ቲቸር፣ ፍየል ልትገዙ ነው?»

«ወሬ ጭነን ነው» አለች ሀያት።

«ለእሱስ ጣሪያ ላይ ቦታ የለኝም፤ እቅፋችሁ ላይ ያዙት!»

እቅፋችን ላይ እንደያዝን የጨፋን ሜዳ አቋረጥን።

ኦቦ እንድሪስን ያገኘነው ሰንበቴ ገበያ፣ ግመሎቹ መሀል ነው። ከአንድ የአፋር ሰው ጋር ተጨባብጧል፤ በእጆቻቸው ላይ ጨርቅ ተጥሏል። ሁለቱም አይናገሩም። ጣቶቻቸው ግን ከጨርቁ ሥር ይንቀሳቀሳሉ። ልጠጋ ስል ሀያት እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ዋጋ በጣት እየተነጋገሩ ነው፣ ቲቸር። ዙሪያውን የቆመው እንዳይሰማ ነው።»

ግብይቱ ሲያልቅ ዞር ብሎ አየን።

«ሀያት! አካም ጅርታ?» ብሎ ደህንነቷን ጠየቀ።

«ነጋ» አለች። ቤቱ ነጋ፣ እናቷ ነጋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጋ። እኔን አስተዋወቀችው፤ የእኔም ቤተሰብ አንድ በአንድ ተጠየቀ። ዜናው አፌ ላይ ደርሶ ሊያመልጠኝ ነው። በመጨረሻ «ኦዱ?» አለ።

«ነጋ። ኸይር ነው» አለችና ወደ እኔ አየች።

ከሠንጠረዤ ውጭ ነገርኩት። መጀመሪያ ዘይነባ ደህና መሆኗን፣ ቀጥሎ መመረጧን፣ ቀጥሎ ከማን እንደሰማን፣ በመጨረሻ ምዝገባውን። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

ጨርቁን አራግፎ ትከሻው ላይ አደረገ።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ርዕሰ መምህሩ፣ እኔና ሀያት።»

«ዘይነባ?»

«አልሰማችም።»

«እናቷስ?»

እኔና ሀያት ተያየን።

«ያ ረቢ!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። «የፋጤ ቤት ከትምህርት ቤታችሁ በር ፊት ለፊት ነው! እናቷን አልፋችሁ፣ ጨፋን አቋርጣችሁ፣ እኔን ከግመል መሀል ልትፈልጉ መጣችሁ? ያውም ሁለታችሁም ሴቶች!»

ሀያት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «እኔም አላሰብኩት» አለች ከውስጥ።

«ታዲያ ይፈቅዳሉ?» አልኩት። መታገሥ አልቻልኩም።

«አብሽሪ ልጄ። የግመል ዋጋ እንኳ መጀመሪያ በጨርቅ ሥር ነው። ከፋጤ ሳልመክር እሺም እምቢም የለኝም።»

የሀያትን ስልክ ተቀብሎ ራቅ ብሎ ሄደ። ድምፁ አይሰማንም፤ ነፃ እጁ ግን ሲወጣና ሲወርድ እናያለን። ተመልሶ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። «አንችን ትፈልጋለች።»

«ቲቸር፣ ደህና ነሽ?» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ። «እኔ ምልሽ፣ ልጅቱን ጠየቃችኋት?»

«ሰርፕራይዝ ይሁን ተብሎ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሳትጠብቀው ደስ እንዲላት።»

«ደስ ባይላትስ? ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ በማይክ ፊት እምቢ ትበል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ማታ እኔ እጠይቃታለሁ» አሉ። «ነገ አታንብቡት።»

«ከመምሪያው እንግዳ ይመጣል።»

«ሻይ አጠጡት።»

ሰኞ አቶ ሀሰን ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። እንግዳው ከጎናቸው ቆመዋል። ዜናው እንደማይነበብ ቀረብ ብዬ ነገርኳቸው።

«አባትየው እምቢ አለ?»

«አላሉም።»

«ታዲያ የማንን ፈቃድ ነው የምንጠብቀው?»

«የዘይነባን።»

«የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ!»

«የምትሄደው እሷ ናት» አልኩ።

ማይኩን ከሀያት እጅ ወሰዱ። ድምፅ ማጉያው አፏጨ። አቶ ሀሰን ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ሲያዩ ዓይናቸው ዘይነባ ላይ ቆመ። ሌሊቱን እንዳልተኛች ከሩቅ ያስታውቃል። መሬት መሬት ታያለች። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የዚህ ሳምንት የጽዳት ተራ» አሉ፣ «የዘጠነኛ ቢ ነው።»

ማይኩን መልሰው እንግዳቸውን ወደ ቢሮ ይዘው ሄዱ።

በዕረፍት ሰዓት ዘይነባ ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል መጣች። እኔ የአዳሪ ትምህርት ቤትን ጥቅም በሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ስለ ጥቅሙ አልጠየቀችኝም።

«እዚያ ኦሮምኛ የማወራው ከማን ጋር ነው?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ከሰንበቴም ከባቲም ሩቅ ነው። አባቴ ሲያልፍ ብቅ ማለት አይችልም።»

«አይችልም።»

«እምቢ ብል ቲቸር ሀሰን ይከፋቸዋል?»

«ይከፋቸዋል። ግን ያልፋል።»

በዚህ ሳቀች። ሠንጠረዡን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ማክሰኞ አባቷ ከባቲ ገባ። ማታ ሦስቱ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ረቡዕ እናትና አባት አብረው ወደ ትምህርት ቤት መጡ፤ ዘይነባ በመሀላቸው ነበረች። አቶ ሀሰን ወንበር ሲስቡ አልተቀመጠችም።

«እሄዳለሁ» አለች። «ዜናውን ግን ሀያት ታንብበው።»

«ዜናው እኮ አረጀ» አሉ አቶ ሀሰን። «ከሰኞ ወዲህ ወሬው ወጥቶ ከተማው በሙሉ ያውቃል።»

«አሁን ከእኛ ይወቅ» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ።

ሐሙስ ሀያት በኦሮምኛ ጀመረች። ከሁሉ በፊት ነጋ አለች፤ እኔም አላረምኳት። ከዚያ የጽዳት ተራው፣ ከዚያ የእግር ኳሱ ውጤት፣ በመጨረሻ የዘይነባ ስም። ጭብጨባው ከሜዳውም ከአጥሩ ውጭም መጣ። በበሩ በኩል ስመለከት ኦቦ እንድሪስ ከአጥሩ ውጭ፣ ድምፅ ማጉያው በዞረበት በኩል፣ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ፣ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል። መንገደኛው እየቆመ ይጨብጠዋል። እሱም ስለምን እንደሚጨብጡት ያውቃል።

አሁን የክበቡ አባላት ሰው የሚነካ ዜና ሲያመጡ «ባለቤቱ ሰምቷል?» ብዬ ሳልጠይቅ አልቀበልም። አቶ ሀሰን «በአንቺ ምክንያት እንግዳ ጠርቼ ሻይ ብቻ አጠጥቼ ሸኘሁ» እያሉ ዛሬም ያነሱብኛል።

ባለፈው ዓመት ዘይነባ ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ደወለችልኝ።

«ቲቸር፣ በፊዚክስ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ! ግን እንዳታስነብቡት። እናቴ ስልክ አላነሳችም።»

እናቷ ገበያ ነበሩ። እስኪመለሱ ጠበቅን፤ በማግስቱ ተነበበ።

ለአዲስ መምህራን የምነግራቸው ይኼን ነው። ዜና ባለቤት አለው፤ አንዳንዴ ከአንድ በላይ። ማይኩ ከመከፈቱ በፊት ሄዳችሁ ንገሩት። ስትሄዱም መጀመሪያ ፊት ለፊት ያለውን ቤት አንኳኩ።