የበቆሎ ማሳው አልጋ ወራሽ

አባቴ ወንድሜን «አልጋ ወራሽ» ብሎ ይጠራው ነበር። ንጉሥ ሲያልፍ ዙፋኑን የሚረከብ ልጅ ማዕረግ መሆኑን አገር ያውቃል። እኛ ዘንድ ግን የሚወረሰው አንድ የሣር ቤት፣ አንድ የበቆሎ ማሳና ከገንዲ በሽታ የተረፈ አንድ በሬ ነበር። ከወሎ በሰፈራ ጋምቤላ የመጣን ሰሞን ስሙ ከቤት አይወጣም ነበር፤ ደርግ ያሳስራላ! ደርግ ወድቆ ክልሉ ሲቋቋም አባቴ በመንደሩ መሀል ይጣራበት ጀመር። ጎረቤት በሳቅ ይፈርሳል፤ እሱ ከቁብም አይቆጥራቸው።

ማዕረጉ ጥቅም ነበረው። አልጋ ወራሽ አያርምም፤ እኔ አርማለሁ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ የአባቴ ሕግ ነበር። አልጋ ወራሽ እንግዳ ፊት የጠየቀው አይከለከልም፤ መከልከል ቤቱን ማዋረድ ነው። ወንድሜ እንግዳ እስኪመጣ ጠብቆ ጫማ ይጠይቃል፤ እኔ በባዶ እግሬ ቆሜ አያለሁ። ቅናት አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

ስምንተኛ ክፍልን ባለፍኩበት ክረምት ወንድሜ ወርቅ ልቆፍር ብሎ ዲማ ገባ፤ እንደማይመለስም ላከብን። አባቴ ሦስት ቀን አኮረፈ። በአራተኛው ጠራኝና «ከእንግዲህ አልጋ ወራሼ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ማዕረግ! ትርጉሙ የገባኝ ቀጥሎ ሲናገር ነው።

«እንግዲህ ከተማ ሄዶ መማር የሚሉት ነገር ቀረ። ማሳውን ማን ይይዘዋል?»

የመንደራችን ትምህርት ቤት ከስምንተኛ አያልፍም። አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ሕጉ ትዝ አለኝ።

እሑድ የእድር ሰዎች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። መሀላቸው ቆምኩና «አባዬ፣ ነገ ከተማ ወስደህ ዘጠነኛ ክፍል አስመዝግበኝ» አልኩ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች፤ መሳቋን ትከሻዋ አሳበቀባት። አባቴ ሽማግሌዎቹን አየ፤ እኔን አየ።

«አልጋ ወራሽ ጠይቃለች፤ ምን ይደረጋል» አለ።

ሰኞ ሳጥኔን ተሸክሞ አደረሰኝ። ባሮ ዳር እግሬን ታጥቤ ወንድሜ ትቶት የሄደውን ጫማ አጠለቅኩ። ሰፋኝ፤ ቢሆንም ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ለእረፍት ስመለስ ከበቆሎው ገሚሱ ማሳው ላይ ረግፎ ምስጥ በልቶታል። አባቴ ብቻውን አልደረሰበትም።

«አባዬ፣ ለምን አልላክህብኝም?»

«በማን ፊት ልጠይቅሽ?» አለኝ።

ቀልዱ ነበር፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ጆንያ አንስቼ ወደ ማሳው ወጣሁ።